ፊደሉን ለዓይኔ ልክ ላድርገው

ይድረስ፦ አገልግሎታቸውን ወደ ድረ ገጽ ላዞሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ለባንኮች፣ ለትምህርት ተቋማት፣ እነዚህን ገጾች ለሚሠሩ ባለሙያዎችም ሁሉ

ጉዳዩ፦ በድረ ገጾች ላይ የፊደል መጠን፣ ቀለምና የመስመር ርቀት እንደ አንባቢው ዓይን እንዲስተካከል ስለመጠየቅ



31 ዓመት በማተሚያ ቤት በአራሚነት ሠርቻለሁ። እንጀራዬ ፊደል ማየት ነበር። ከለቃሚው እጅ የወጣውን ፕሩፍ ተቀብዬ፣ የታችኛውን መስመር በማስመሪያ እየሸፈንኩ፣ ቃል በቃል አነብ ነበር። የጎደለ ሆሄ፣ የተዛወረ ነጥብ፣ ቦታውን የሳተ አራት ነጥብ ከዓይኔ አያመልጥም። ዛሬ 63 ዓመቴ ነው፤ ግላኮማ አለብኝ። ቀኝ ዓይኔ ከጎን የሚመጣውን አያይም፤ ግራው ማታ ማታ በማደርገው ጠብታ ነው የቆየልኝ። ቢሆንም አልታወርኩም። ፊደሉ ተለቅ፣ ቀለሙ ደመቅ፣ መስመሩ ራቅ ራቅ ካለልኝ ዛሬም አነባለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ ስልኬ ነው፤ ፊደሉን አጉልቼ፣ መደቡን ጥቁር፣ ጽሑፉን ነጭ አድርጌ። ስልኬ እሺ ብሎኛል። እንቢ ያለኝ የእናንተ ገጽ ነው፤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

በየዓመቱ ጥር ላይ የማሳድሰው አንድ ሰነድ አለኝ። ቀድሞ የሚታደሰው በመስኮት ነበር። ወረፋው ቢረዝምም፣ መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ልጅ የዓይኔን ነገር ስለምታውቅ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብላ ጣቷን ታሳርፍልኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ብሄድ «በኦንላይን ሆኗል» አሉኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ያየሁት ነገር በብዙ ቤት ያለ ነውና እሱን ለይቼ መውቀስ አልፈልግም። እንዲያውም ወረፋው በመቅረቱ ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት። ቤቴ ገብቼ፣ ቡናዬን አፍልቼ፣ ስልኬን ከፈትኩ።

ገጹ ሲከፈት ፊደሉ የጤፍ ፍሬ አክሏል። እንደለመድኩት ሁለት ጣቴን አሳርፌ ልለጥጠው ብሞክር አልንቀሳቀስ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ፎቶ ስለጥጥ የሚታዘዘኝ ስልክ እዚህ ገጽ ላይ ድርቅ አለ። አጉሊ መነጽሬን ከመሳቢያ አውጥቼ ስክሪኑ ላይ ያዝኩ። በየሣጥኑ ምን እንደሚሞላ የሚናገረው ቃል በነጭ ላይ በደብዛዛ ግራጫ ስለተጻፈ፣ ለእኔ ሣጥኖቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። ማሟላት ያለብኝ ነገር ዝርዝር ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ ትንሽ እንደተጋደመ ተለጥፏል። እንደምንም እየገመትኩ ግማሽ ያህል ሞልቼ ሳለ «የተሰጠዎት ጊዜ አልቋል» የሚል ጽሑፍ መጣና የሞላሁት ሁሉ ጠፋ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም እንዲሁ ሆነ። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር።

በማግሥቱ ሰፈራችን ካለው ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። እዚያ የሚሠራው ልጅ ጨዋ ነው፤ ስለ እሱ የማነሣው ክፉ ነገር የለኝም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ከኋላዬ አምስት ስድስት ሰው ተራ ይጠብቃል። «ማዘር፣ የልደት ቀን?» አለኝ ጮክ ብሎ፤ ፎቶ ኮፒው ስለሚጮህ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ነገርኩት። «የመታወቂያ ቁጥር?» ነገርኩት። «የወር ገቢ?» ይህንንም ነገርኩት፤ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ሰሙ። «ኮድ ተልኮልዎታል፣ ያንብቡልኝ» ሲለኝ ስልኬን አውጥቼ ሰጠሁት። የይለፍ ቃሌን የመረጠልኝ እሱ ነው። በቁራጭ ወረቀት ጽፎ «እንዳይጠፋብዎት» ብሎ በእጄ አስጨበጠኝ። ባንኮቻችን «የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ» የሚል መልእክት ይልኩልናል፤ ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ማንበብ የማልችለውን ገጽ የሠራልኝ ሰው፣ ምስጢሬን ለማላውቀው ሰው እንድሰጥ አድርጎኛል።

ቤቴ ተመልሼ በስልኬ የተላከልኝን ደረሰኝ አጉልቼ አየሁት። አባቴ አሸናፊ ይባላል። የተጻፈው «አሰናፊ» ነው። 31 ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሴት፣ የአባቴ ስም ፊቴ ላይ ሲበላሽ ማየት ተሳነኝ። ያንን ለማስተካከል 11 ቀንና ሦስት ምልልስ ፈጀብኝ። ነገሩን እንደ ሥራ ይዤ መጠየቅና ከሚያውቁ ልጆች መማር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ልጁ አልተሳሳተም ማለቴ አይደለም፤ ስህተቱ ግን የፊደላችን ጠባይ ያለበት ነው። ሰ እና ሸ የሚለያዩት አናት ላይ በምትጋደም አንዲት ጭረት ነው። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ እንዲሁ ናቸው። ያቺ ጭረት ከዓይን ስታመልጥ «ሸጠ» የነበረው «ሰጠ» ይሆናል፤ «ቀኝ» የነበረው «ቀን» ይሆናል። በውል ላይ መሸጥና መስጠት ምን ያህል እንደሚራራቁ የሕግ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። ሊ እና ሌ፣ ቢ እና ቤ፣ ሲ እና ሴ ደግሞ የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ጫፍ ነው፤ አንዱ ቅጥያ ነው፣ ሌላው ቀለበት። ፊደሉ ሲያንስ ቀለበቷ ትደፈንና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በላቲን ፊደል አንዱ ሆሄ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። የእኛ ሆሄያት አብዛኞቹ ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ የአንባቢው ዓይን ሆሄው ውስጥ ገብቶ ጭረቱንና ቀለበቱን መፈለግ አለበት። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተሠራ ገጽ ከነፊደል መጠኑ፣ ከነመስመር ርቀቱ ተወስዶ አማርኛ ሲሞላበት፣ እንግሊዝኛው ምቹ በነበረበት ቦታ አማርኛው ይጠባል። ማተሚያ ቤት ሳለን ይህን እናውቅ ነበር፤ ለአማርኛው ዓምድ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ፊደል እንመርጥ ነበር።

ከእኛ በፊት የነበሩት ደግሞ ከእኛ አሳምረው ያውቁት ነበር። የብራና ጸሐፊው ገና ቀለሙን ሳይነክር ብራናውን በወስፌ ይወጋል፣ መስመር ያሰምራል፤ በመስመርና በመስመር መካከል የሚቀረውን ቦታ ይወስናል። በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ቆመው ለሚያነቡት መጽሐፍ ፊደሉን ያገዝፋል፤ በማኅደር ተንጠልጥሎ መንገድ ለሚወጣው ዳዊት ያደቅቃል። መጽሐፉ ማን ፊት፣ በምን ያህል ርቀት እንደሚከፈት አስቀድሞ ያስባል። ብራናው አንዴ ከተጻፈ ግን አይለወጥም፤ ትልቅ የተጻፈው ትልቅ፣ ደቃቁም ደቃቅ ሆኖ ይኖራል። ድረ ገጽ የተሰጠው ጸጋ ይህ ነው፦ አንዱ ገጽ ለእኔ አትሮንስ ላይ ያለ መጽሐፍ፣ ለልጅ ልጄ የኪስ ዳዊት መሆን ይችላል። ይህን ጸጋ የሚከለክለው በሠሪው የሚጻፍ ትእዛዝ ነው።

ይህን ስማር በጣም ነው የደነቀኝ። በስልክ የሚከፈት ድረ ገጽ በተፈጥሮው በሁለት ጣት ይለጠጣል። እንዳይለጠጥ የሚያደርገው፣ ሠሪው በገጹ ራስጌ «ዩዘር ስኬለብል፣ ኖ» ብሎ የሚያስገባት አጭር ትእዛዝ ናት። ገጹ እንዳይዛባ፣ ንድፉ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚገባ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሌላ ቦታ ከተገለበጠ ንድፍ ጋር ሳይታሰብ ይመጣል። አፕል ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአይፎን ላይ ይህን ክልከላ እንዳይሠራ አድርጎታል። ብዙዎቻችን የምንይዘው ግን አንድሮይድ ነው። በአንድሮይድ ላይ ያለው ክሮም ክልከላውን ያከብራል፤ በቅንብሩ ውስጥ የተደራሽነት ክፍል ገብቶ ማጉላትን በግድ የሚያስፈቅደውን ምርጫ ላበራ ሰው ብቻ ይከፈትለታል። የእህቴ ልጅ አብርቶልኛል፤ ይህን የሚያነብ የእኔ ቢጤ ካለ እሱም ቤተሰቡን ይጠይቅ። እናንተ ግን ያቺን ትእዛዝ ዛሬ ከሰዓት ልታጠፏት ትችላላችሁ። በጀት አያስፈልጋትም፣ ጨረታም አያስፈልጋትም።

ማጉላት ሲፈቀድ ደግሞ ገጹ አብሮ መታጠፍ አለበት። ፊደሉን አጉልቼ መስመሩ ከስክሪኑ ከወጣ፣ እያንዳንዱን መስመር ለማንበብ ገጹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስጎትት ነው የምውለው፤ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን እረሳለሁ። ደብሊው ስሪ ሲ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው፣ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር የተደራሽነት መመሪያ አለው። የመጀመሪያውን በ1999 (እ.ኤ.አ.) አወጣ፤ እያሻሻለ 2.2 የተባለውን እትም በጥቅምት 2023 አድርሷል። በዚያ መመሪያ መሠረት ጽሑፍ ይዘቱ ሳይቆረጥና ቁልፎቹ ሳይደራረቡ እስከ 200 ከመቶ መጉላት አለበት። በጠባብ ስክሪን ላይም ጽሑፉ ወደ ታች ብቻ እየተጠቀለለ እንዲነበብ ያዛል። አንባቢው የመስመሩን ርቀት ወደ ፊደሉ መጠን አንድ ተኩል እጥፍ ቢያሰፋው ምንም ነገር መጥፋት የለበትም። ስልኮቹም ወደዚሁ መጥተዋል፤ አንድሮይድ 14 የፊደልን መጠን እስከ 200 ከመቶ ያሳድጋል። እኔ በስልኬ ላይ አንዴ የመረጥኩትን መጠን የእናንተ ገጽ ቢያከብርልኝ፣ ሌላ ምንም ባትሠሩልኝ ሥራዬን ግማሽ አቀለላችሁልኝ ማለት ነው።

ስለ ቀለም አጭር ነገር ልበል። መመሪያው በጽሑፉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። ዛሬ ፋሽን የሆነው ስስ ግራጫ በነጭ ላይ 3 ለ1 እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ ደግሞ 1.07 ለ1 ነው፤ ይህ የለም ከማለት አይሻልም። በግላኮማ የተጎዳ ዓይን መጀመሪያ ከሚያጣቸው ነገሮች አንዱ ይህ ደብዛዛውን ከደማቁ የመለየት አቅም ነው። በአንጻሩ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ብርሃን ዓይናቸውን ስለሚወጋው ነጭ ገጽ ራሱ ይጎዳቸዋል፤ ለእነሱ ጥቁር መደብ ነው የሚያሳርፋቸው። ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ወንዶችም በየሰፈሩ አሉ፤ የተሳሳተውን ሣጥን በቀይ ብቻ ስትከብቡት እነሱ የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ስለዚህ ነው «ጥሩውን ቀለም እናንተ ምረጡልን» የማልለው። ምርጫውን ለእያንዳንዱ ሰው ተዉለት።

አሁን በጣም ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ፤ እሱም ፎቶ ሆኖ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው። የቅጥር ማስታወቂያ፣ የፈተና ጥሪ፣ የቤት ዕጣ ዝርዝር፣ የታሪፍ ለውጥ፣ ሁሉም ማኅተም ተመትቶበት ፎቶ ይነሣና በድረ ገጽና በቴሌግራም ይለቀቃል። የማኅተሙን ነገር እረዳለሁ፤ ሕዝቡ ማኅተም ካላየ አያምንም። ነገር ግን የፎቶ ፊደል ሲጎላ ይበተናል፤ ቀለሙ አይለወጥም፣ መስመሩ አይርቅም፣ አይፈለግም፣ አይተረጎምም። ፈጽሞ ማየት ለማይችሉት ደግሞ ጭራሽ የለም። ዛሬ አማርኛ የሚያነቡ የኮምፒውተር ድምፆች አሉ፤ ማይክሮሶፍት ለሁለቱ መቅደስና አምሃ የሚል ስም ሰጥቷቸዋል። እንዲህ ያለው ድምፅ በጽሑፍ የተጻፈውን ያነባል፤ ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን «ምስል» ብሎ ያልፋል። ለየአገሩ ፊደል የጋራ የኮምፒውተር ቁጥር ከሚሰጠው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፊደል ሶፍትዌሮች ተለቅመው ዛሬም የሚሰራጩ ሰነዶችም ተመሳሳይ ዕጣ ነው ያላቸው፤ በውስጣቸው ያለው የላቲን ምልክት ስለሆነ ፊደሉ ያልተጫነበት መሣሪያ ላይ ትርጉም የሌለው ነገር ይሆናሉ። ፊደላችን በዩኒኮድ ከገባ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ሰበብ የለንም።

የኪስ ነገርም አለው። አንድ የግዕዝ ሆሄ ኮምፒውተር ውስጥ በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። 2,000 ሆሄ ያለው ማስታወቂያ 6,000 ባይት ገደማ ነው። የዚያው ወረቀት ፎቶ በመቶ ሺዎች፣ ብዙ ጊዜም በሚሊዮኖች በሚቆጠር ባይት ይመጣል። ፓኬጅ እየገዛ ለሚያነብ ሰው ጽሑፉ ከሳንቲም በታች፣ ፎቶው ከዚያ በብዙ እጥፍ ያስከፍለዋል። ፎቶውን ማኅተሙ እንዲታይ ለጥፉት፤ ከሥሩ ግን ጽሑፉን በጽሑፍነቱ አስቀምጡልን። ማስታወቂያውን የጻፈችው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ አለ። መገልበጥ ብቻ ነው የቀረው።

«ይህ ሁሉ ለስንት ሰው ነው?» የሚል ይኖራል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ዓይነ ስውርነት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ፣ የእይታ መዳከም ደግሞ 3.7 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱን አስተያዩልኝ። ፈጽሞ ከማያየው ይልቅ አጥርቶ የማያየው ከእጥፍ በላይ ነው። እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ። በትር አልያዝኩም፣ ማንም መንገድ አያሻግረኝም፤ ሰው ሲያየኝ ደህና ሴት ነኝ። ከአርባ ዓመቱ በኋላ ቅርቡን ለማየት ወረቀት እያራቀ የሚያነበው ሰው በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገባም፤ እሱ ከተጨመረማ በየቤቱ የእኛ ወገን አለ። እናንተም ወደዚሁ ናችሁ።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ከእኔ የሚያውቁት አሉ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 መንገድና ሕንፃን ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔትንም በስም ጠርቶ ተደራሽ ይሁን ይላል። ሕገ መንግሥታችን ደግሞ፣ በአጋጣሚ እሱም በአንቀጽ 9፣ በንዑስ አንቀጽ 4፣ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ብሏል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። መሥሪያ ቤቱ ከሕንፃው ወጥቶ ስልክ ውስጥ ሲገባ፣ ያ መግቢያም አብሮ መግባት ነበረበት።

ይህን ሁሉ ግን በአንድ ተለጣፊ ቁልፍ የሚያልቅ አድርጋችሁ እንዳታቀሉት እሰጋለሁ። ታናሽ እህቴ የምትኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ናታንያ ነው። የዚያ አገር ሕግ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ድረ ገጾች ለአካል ጉዳተኛ ተደራሽ እንዲሆኑ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ብዙ ገጾች ጥጋቸው ላይ የተደራሽነት ቁልፍ አላቸው። ትጫኑትና ፊደል አጉላ፣ መደብ አጥቁር፣ እንቅስቃሴ አቁም የሚሉ ምርጫዎች ይዘረጋሉ። እህቴ ስታሳየኝ ቀናሁ። ቆየት ብላ ግን «ዋናው ማስታወቂያ ፎቶ ከሆነ ቁልፉ አይነካውም፤ አንዳንዱ ላይ ርእሱ ይጎላና ቅጹ እንደነበረ ይቀራል» አለችኝ። ነገሩ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2025 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያለ ተለጣፊ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ፣ ማንኛውንም ድረ ገጽ ከመመሪያው ጋር ያስማማል ብሎ በማስተዋወቁ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ስለዚህ ነገ አንድ ነጋዴ መጥቶ «ይህን ቁልፍ ጥግ ላይ ለጥፉ፣ ጉዳዩ ያልቃል» ቢላችሁ አትቀበሉት። መጀመሪያ ገጹ ራሱ ይከፈት።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ ቁልፉ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም የምመኘው አለኝ። በእያንዳንዱ ገጽ አናት፣ ማንም ሳይፈልገው በሚያየው ቦታ፣ ሦስት ሀ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ትንሽ ሀ፣ መካከለኛ ሀ፣ ትልቅ ሀ። የስልኩን ቅንብር ገብቶ መፈተሽ ለማይሆንለት ሰው ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ጎረቤቴ እትዬ ብርሃኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው ማንበብ የሚችሉ ናቸው፤ ትልቁን ሀ ለመንካት አስተማሪ አያስፈልጋቸውም። ሲነኩት ጽሑፉ፣ ቅጹ፣ ቁልፉ፣ የስህተት መልእክቱም ጭምር አብሮ ይደግ። አጠገቡ ብርሃንና ጨለማ መደብ የሚቀያይር አንድ ምልክት ይኑር። አንዴ የተመረጠውም ይታወስ፤ ገጽ በተቀያየረ ቁጥር ከዜሮ አያስጀምረን። ስለ ጊዜውም እንዲሁ ነው፤ መመሪያው ጊዜ ከማለቁ በፊት ሰውን አስጠንቅቆ፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ ሰጥቶ፣ በቀላል ንክኪ እንዲያራዝም ማድረግን ይጠይቃል። ያን ቀን «ጊዜ ይጨመርልዎት?» የሚል ጥያቄ ቢመጣልኝ ኖሮ ኢንተርኔት ቤት አልሄድም ነበር።

ለወጣቶቹ ሠሪዎች። በእናንተ አልተቀየምኩም። የተነገራችሁን ነው የምትሠሩት፤ ውሉ ላይ «ያምር፣ ይፍጠን» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል፣ «ይነበብ» የሚል አልተጻፈም። በጠራ ትልቅ ስክሪን፣ በሃያ አምስት ዓመት ዓይን ነው የምታዩት። እኔም ሃያ አምስት ዓመቴ ሳለ 8 ፖይንት ፊደል በመብራት አነብ ነበር፤ አንባቢው ስለ ደቃቅ ፊደል ደብዳቤ ሲጽፍ አዛውንት ያማርራል ብለን እናስቀምጠው ነበር። ይህንን ሳስታውስ አፍራለሁ። ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ስልካችሁን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩት፤ ፊደሉን እስከ መጨረሻው አጉሉት፤ ከዚያ ለእናታችሁ ስጧት፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

ለኃላፊዎቹ ደግሞ ጥያቄዬ በወረቀት የሚያልቅ ነው። ለቀጣዩ ድረ ገጽ ወይም የስልክ መተግበሪያ ጨረታ ስታወጡ፣ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ ሥራው የተደራሽነት መመሪያውን መካከለኛ ደረጃ ማሟላቱ ሳይረጋገጥ ርክክብ አይፈጸምም፣ የመጨረሻው ክፍያም አይለቀቅም የሚል። መካከለኛው ደረጃ በመመሪያው ደብል ኤ የሚባለው ነው፤ ብዙ አገሮች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ማረጋገጫውም በሪፖርት ብቻ አይሁን። ዓይናቸው የደከመ፣ ፈጽሞ የማያዩ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎችን ጥሩ፤ ቅጹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንም ሳያግዛቸው ይሙሉት።

እኔ ፈቃደኛ ነኝ። የሚቀጥለው እድሳቴ ጥር ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በማንኛውም ቀን ብትጠሩኝ መነጽሬንና ስልኬን ይዤ እመጣለሁ። ክፍያ አልጠይቅም። ከኋላዬ ተቀምጣችሁ የት ላይ እንደምቆም፣ የትኛው ሣጥን እንደሚሰወርብኝ እዩ። ፕሩፍ እንደማነብ አድርጌ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣ የጎደለውን እያሳየሁ ገጹን አብረን እናርመዋለን። የአባቴንም ስም ራሴ እጽፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ጡረተኛ አራሚ
አዲስ አበባ